የማክሰኞው ወጥ

ጌታነሽ መርስዔ ኃዘን ክፉ ቃል የሚቸግራት ሴት አይደለችም። መሐል ሜዳ መናኸሪያ አጠገብ ምግብ ቤት ከከፈተች ጀምሮ የሚኒባስ ረዳቱን፣ የበግ ነጋዴውን፣ ስልክ የሚያናግር መስሎ ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣውን የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ በየተራ ልክ ልኩን ስትነግረው ኖራለች። አንዲት ቃል ግን ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ለማኝ ደጅ ቆሞ «ስለ እማ ብርሃን» ሲል፣ ሌላው ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ለማኙም የሚሰጠው እንደሌለ ገብቶት ወደሚቀጥለው ደጅ ያዘግማል። ጌታነሽ ይህችን አትልም። እፍኝ ቆሎም ቢሆን ይዛ ትወጣለች እንጂ።

የከለከሏት አባቷ ናቸው። አለቃ መርስዔ ኃዘን በልጅነታቸው ከግሼ ተነሥተው ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ድረስ የዞሩ፣ በስም በማያውቋቸው ሰዎች ደጅ ለምነው ያደጉ ሰው ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ እጇን ይዘው፣ «ውሻ የነከሰኝ ሁሉ ድኗል» አሏት፤ «እግዜር ይስጥልኝ ብለው የመለሱኝ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ከደጅሽ ይህ ቃል እንዳይሰማ።» እሺ አለች። ለሚሞት አባት እሺ የማይል የለም፤ ጌታነሽ ግን ከልቧ ነበር ያለችው።

ስለዚህ በየቀኑ አመሻሹ ላይ የተረፈው ምግብ ከከተማው በላይ ወዳለው ቅኔ ቤት ይሄዳል። ከሳህን የተመለሰው አይደለም፤ እሱ የውሻ ነው። ከድስት የተረፈው፣ የሰው እጅ ያልነካው ነው። ሽሮም ይሁን ምስር፣ በፍስክ ቀን ቅቅልም ይሁን፣ አብራት የምትሠራው ተሾመች ክዳን ባለው ነጭ ባልዲ ይዛ አቀበቱን ትወጣለች። የቅኔው መምህር መሪጌታ አትናቴዎስ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው ናቸው። ባልዲው ሲደርስ ይመርቃሉ፤ ተሾመችም ባዶውን ባልዲና ምርቃቱን ይዛ ትመለሳለች። ለዓመታት እንዲህ ሲሆን አንድም ሰው አልታመመም። ከመንግሥት ወገን መጥቶ ይህ ባልዲ የት ነው የሚሄደው ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ከደብረ ብርሃን ለሚመጡ ሠልጣኞች የማክሰኞ ምሳ አዘዘ። ጌታነሽ ሁለት ሙክት አሳረደች። ቀዩ ወጥ ደርሶ ሽታው መናኸሪያውን ሲያውደው ስልክ ተደወለ፦ መንገዱ አላስተማመነም፣ ሥልጠናው ተሰርዟል፣ ይቅርታ። ይቅርታው ድስቱን አላጎደለውም። ወሩ የሠርግ ወር ስለሆነ ከደንበኞቿም ብዙው ከሰው ቤት ነው የሚበላ። ማግስቱ ደግሞ ረቡዕ ነው፤ መንዝ ውስጥ ረቡዕ ቀን ሥጋ የሚያምረው ሰው ቢኖር እንኳ ጮክ ብሎ አያዝም። ማቀዝቀዣ አላት፤ መብራት ግን የለም።

«ተሾመች፣ ባልዲውን አምጪ» አለች። «ትልቁን።»

«ሁሉንም ነው እትዬ?»

«ሁሉንም። እነሱ እንኳ አንድ ቀን ይጥገቡ።»

ያን ቀን ራሷም አብራ ወጣች። የኔታን ከጽድ ዛፉ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ስማ፣ «የኔታ፣ ልጆቹ ዛሬውኑ ይብሉት፤ ማደር የለበትም» አለቻቸው።

«ይሁን ልጄ። የአብርሃምን ቤት የባረከ ቤትሽን ይባርከው።»

ጌታነሽ ደስ ብሏት ወረደች። ከተመለሰችም በኋላ ለተሾመች፣ «ዛሬ ነው ሠርግ» እያለች ስታሾፍ አመሸች።

ያላወቀችው ነገር ነበር። ተማሪዎቹ ያን ዕለት ወንዝ ማዶ ካለ ባለጸጋ ቤት ለተዝካር ተጠርተው፣ ጠግበው ነበር የተመለሱት። ዓመቱን ሙሉ ድርቆሽ በውኃ እያራሰ የሚበላ ተማሪ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ድግስ ወረደበት። ለሰጪዋ አክብሮት ያህል ቀመሱት፤ ሆዳቸው ግን ቦታ አልነበረውም። ነገ ጾም ነው። በምጽዋት የመጣ እህል መድፋት በየኔታ ቤት ንስሐ የሚያስገባ ኃጢአት ነው። ስለዚህ የኔታ «ለሐሙስ አኑሩት» አሉ።

የመንዝን የጥር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውኃ በእንስራው እንዳለ በረዶ ሆኖ ያድራል። ወጡን ደጅ ቢተዉት ኖሮ ብርዱ ራሱ ጠብቆ ያቆይላቸው ነበር። ከዘመሮ የመጣው ይሥሐቅ ግን፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ አሳቢው እሱ ነው፣ ሞራው ረግቶ የእትዬ ጌታነሽ ወጥ እንዳይበላሽ ብሎ ጎጆ አስገባው። በትልቅ የሸክላ ድስት ገለበጠና ምድጃው ዳር በሞቀ አመድ እስከ አንገቱ ቀበረው። ረቡዕን ሙሉ እዚያው ዋለ። ጾመኛ የፍስክ ድስት ክዳን አይከፍትም፤ ስለዚህ ማንም አላየውም፣ ማንም አላሸተተውም። ሐሙስ ዕለት ኩበቱ ስላለቀ ለብ ብቻ አደረጉት፤ በርበሬው የቀረውን ሸፈነላቸውና በሉ።

ዓርብ ጠዋት ጎጆዎቹ በማቃሰት ተሞሉ። አብዛኞቹ ሲያስመልሱ ውለው ዳኑ፤ ይሥሐቅ ግን ራሱን ሳተና በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ወረደ። «ምን በላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «የእትዬ ጌታነሽን ወጥ» አሉ። እውነት ነው። መቼ የመጣ ወጥ እንደሆነ ግን የጠየቃቸው የለም።

ፖሊሶቹ የመጡት በምሳ ሰዓት ነው። ደንበኞች የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሡ። አንዱ ፖሊስ ትናንት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የበላ ልጅ ነው፤ ፊቷን ማየት አቅቶት የግድግዳውን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል እያየ፣ «እትዬ፣ ጣቢያ ድረስ ይፈለጋሉ» አላት። ቤቱ ታሸገ። ተሾመች ሳታጠፋው የወጣችው እሳት ከነድስቱ ውስጥ ቀርቶ፣ ከታሸገው በር ሥር የሚያርር ምስር ሽታ ሲወጣ ዋለ።

ጌታነሽ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቤቷ አልነበረም። «ልጁስ?» አለች። «አልሞተም» አሏት። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ልጇ ፀደንያ ደብረ ብርሃን ታስተምራለች። በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰችና በደመወዟ ዋስ ሆና አስወጣቻት። ኃይለመስቀል የሚባል ጠበቃም ይዛ መጥታ ነበር፤ ወጣት ነው፣ ሲናገር መነጽሩን እያወለቀ የሚወለውል።

«የሸጡት ነው የሰጡት?» ብሎ ጠየቃት።

«የሰጠሁት ነው እንጂ! ለቅኔ ተማሪ ማን ይሸጣል?»

«እሱ አይጠቅምዎትም፤ ክሱ በቸልተኝነት በሰው ላይ ጉዳት ማድረስ ነው። በነፃ ሰጠሁ ማለት አያድንም። በሌላ አገር በቅን ልቦና ምግብ የሰጠን ሰው ከክስ የሚከልል ሕግ እንዳለ አንብቤያለሁ። እኛ ዘንድ ፈልጌ አላገኘሁም።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ኃይለመስቀል መነጽሩን ወለወለ። «እውነቱን ልንገርዎ እትዬ? ገደል ቢደፉት ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም ነበር።»

ጌታነሽ ሳቀች። ደንግጣ የሳቀችው ሳቅ ነው፤ ልጇ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ ዐቢይ ጾምን ተሻግሮ፣ ፋሲካን አልፎ፣ ችሎት የቀረበው ግንቦት ላይ ነው። ምግብ ቤቱ እስከዚያ አልተከፈተም። ከደመወዝተኛዋ ከተሾመች ሌላ ጌታነሽን የሚያድናት አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ ኃይለመስቀል ደጋግሞ ነግሯታል፤ ዛሬውኑ ይብሉት ብላ ስትናገር የሰሙት የኔታ። እሳቸው ደግሞ ይህን ከመሰከሩ ጥፋቱ ወደ ራሳቸው ይዞራል። ጌታነሽ ሄዳ እንድትለምናቸው ፀደንያ ብትጎተጉታት፣ «አልለምንም» አለች። «የእኔን ባልዲ የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ ሊመሰክሩ ከወደዱ ይመጣሉ።» በየሌሊቱ ግን የኔታ ይመጡ ይሆን አይመጡ ይሆን እያለች ትገላበጥ ነበር።

ዓቃቤ ሕጉ ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ረቡዕ እንደሚጾም ያውቃሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የማን ልጅ መሰልኩህ?»

«ያውቃሉ ማለት ነው። እነዚህ ተማሪዎችም ምግብ እንደማይደፉ ያውቃሉ?»

«አዎ። አይደፉም።»

«ማቀዝቀዣ እንደሌላቸውስ?»

«ከየት ያመጣሉ?»

«እንግዲህ ባንድ ቀን በልተው የማይጨርሱትን ሥጋ፣ በጾም ዋዜማ፣ ለማይደፉና ማስቀመጫ ለሌላቸው ሰዎች ሰጡ።» ወደ ዳኛዋ ዞረ። «ሊመጣ የሚችለውን አውቀው ነበር ማለት ነው፣ ክብርት ሆይ።»

 መናኸሪያውን ሙሉ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ቃል አጠራት። ይባስ ብሎ የሰውየው ነገር እውነት መሰላት። ለካ እንዲህም ይታያል፤ ለካ በእኔ ባልዲ ውስጥ ይህም ነበረ ብላ አሰበች፤ ከዚያች ቀን በኋላም ይህ ሐሳብ አልተዋትም።

የኔታ መጡ። አንድ ተማሪ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። መስቀላቸውን ጨብጠው ቆሙና ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

«ዛሬውኑ ይብሉት ብላኛለች። ይሁን ብያታለሁ። ከዚያ ለሐሙስ አኑሩት ያልሁት እኔ ነኝ። ልጁ አመድ ውስጥ የቀበረው እንዳይበላሽ ብሎ ነው። የምትቀጡት ሰው ካለ እኔ ነኝ።»

«ለምን አልደፉትም፣ አባቴ?» አለች ዳኛዋ።

የኔታ ጥያቄው ያልገባቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። «ተርበን እናውቃለን» አሉ።

ጌታነሽ በነፃ ተሰናበተች። ዳኛዋ ግን ፍርዱን ካነበበች በኋላ ቀና ብላ፣ ምግብ የሚሰጥ ሰው የሚቀበለውን ሰው ሁኔታ አስቀድሞ ማጤን እንዳለበት፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ፍርድ ቤቱ በቀላሉ እንደማያየው አሳሰበች። በነፃ ከተባለው ይልቅ ይህኛው ነው ከተማውን ያዳረሰው።

ከችሎት ሲወጡ የይሥሐቅ አባት አቶ ተገኘ ጋቢያቸውን አደግድገው ጌታነሽ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዘቻቸው።

«ልጅህ ታሟል ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኋቸው» አሉ። «ክስ መሆኑን የት አውቄ? የልጄን ነፍስ ያቆየሽው በእንጀራሽ አይደለም ወይ?»

«ይሥሐቅ እንዴት ነው?»

«ተርፏል። አገሩ ወስጄዋለሁ፤ ገብስ ይረም። ቅኔው ይቅርበት።»

ጌታነሽ ክንዳቸውን ለቀቀች። ይሥሐቅ ከቅኔ ቤቱ ልጆች ሁሉ ተስፋ የተጣለበት እንደነበር የኔታ ነግረዋታል።

በሳምንቱ የምግብ ቤት ባለቤቶች ሁሉ ስብሰባ ተጠሩ። ስለ ንጽሕና ሊያስረዳ የመጣው ሰው ብዙ ተናገረ፤ ሰው ያስታወሰው ግን አንዱን ነው፤ የተረፈ ምግብ የሰጠ ይጠየቅበታል፣ ያስወገደ አይጠየቅበትም። ስንታየሁ የሚባለው ባለ ሆቴል እጁን አወጣ።

«ለውሻስ ብንሰጥ?»

«ውሻ አይከስስም» አለ ሰውየው፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጌታነሽም ከሳቁት መሐል ተቀምጣለች። ያን ሳምንት ከስንታየሁ ሆቴል ጓሮ ለተማሪዎች ትርፍ ምግብ የሚቀመጥበት ሳህን ተነሣ፤ ከሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ።

ፀደንያ የስብሰባው ዕለት ማታ እናቷን ወንበር ስባ ከፊቷ አስቀመጠቻት።

«እማዬ፣ ሁለተኛ ዋስ መሆን አልችልም። ደመወዜ ነው፤ ልጆች አሉኝ። ከዚህ ቤት ሳይሸጥ የሚወጣ ምግብ የለም በዪ።»

«እሺ ብያለሁ።»

«እሺ አይበቃም። አውቅሻለሁ። በአባትሽ አጥንት ማዪ።»

ጌታነሽ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ፈርታለች። ቤቱ ተዘግቶ በኖረበት ጊዜ የእናቷን ወጪ ሁሉ የቻለች እሷ ናት።

«በአባቴ አጥንት» አለች ጌታነሽ።

ምግብ ቤቱ ተከፈተ፤ ደንበኛውም ተመለሰ። ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፈረ። የተረፈው አመሻሹ ላይ እዚያ ይገባል። አንድ ቀን ተሾመች ጠዋት ወጥታ ስታይ፣ አንድ ሰው አጥር ዘሎ ከጉድጓዱ ውስጥ እንጀራ ለቅሞ እንደሄደ ከዱካው አወቀች። ለጌታነሽ ነገረቻት። ጌታነሽ አሰበችበት፤ የበላው ሰው ቢታመምስ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግቡ ሲደፋ አንድ ሣፋ አመድ ይነሰነስበታል። ስለ ንጽሕና የሚያስተምረው ሰው ሊቆጣጠር ሲመጣ ጉድጓዱን አይቶ አደነቀ፤ ለሌሎቹ ምግብ ቤቶችም አርአያ ነው ብሎ ፎቶ አነሣው።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ለተማሪ ክፉ ወር ነው፤ ገበሬው ራሱ ጎተራውን የሚጠርግበት ነው፣ ጭጋጉም ከደጅ ደጅ አያስኬድም። ተማሪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ አንዳንዱ ወደ ቀየት፣ አንዳንዱ ከዚያም ርቆ። የቀሩት ሦስት ብቻ እንደሆኑ ተሾመች ከቤተ ክርስቲያን ሰምታ መጣች። ጌታነሽ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ሰምታ እንዳልሰማች መክተፏን ቀጠለች።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ ጋብ እንዳለ፣ ከደጅ ድምፅ መጣ።

«ስለ እማ ብርሃን። ስለ ሥላሴ።»

ድምፁን አወቀችው። ከአቀበቱ ላይ ምርቃት ሲሆን እንጂ ልመና ሲሆን ሰምታው አታውቅም። ወጣች። የኔታ ሸማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ እንደ ልጅነታቸው የልመና አኩፋዳ በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል። የቤቱን በር መለየታቸውን እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም።

«የኔታ!» አለች። «ይግቡ። ይግቡና እሳት ዳር ይቀመጡ፤ እዚህ ተቀምጠው ቢበሉ የሚከለክለኝ የለም።»

«ጌታነሽ ነሽ?» ፈገግ አሉ። «እግሬ ወደ አንቺ አመጣኝ እንጂ ቤቱን አለየሁትም ነበር።»

«ይግቡ በሞቴ።»

«ልጄ፣ ሦስት ልጆች እየጠበቁኝ እኔ ተቀምጬ ልብላ? ለራሴ ሆድ አይደለም የወጣሁት። ካለሽ በዚህች ጣይልኝ።» አኩፋዳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘረጉላት።

ጌታነሽ ወደ ውስጥ ዞር አለች። ፀደንያ ለክረምት ዕረፍት መጥታ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣለች፤ ጠመኔ የለመዱ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እናቷን ታያታለች። አልተቆጣችም፣ አልከለከለችም። ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት ብቻ ነበር። ከኋላዋ ተሾመች የምሳውን የተረፈ ሽሮ በትልቁ ባልዲ ይዛ፣ ጉድጓዱ ጋ ልትሄድ ቆማ እትዬ ምን ትላለች ብላ ትጠብቃለች። ሽሮው ይጨሳል።

የኔታ አኩፋዳውን እንደዘረጉ ናቸው። 

ጌታነሽ አባቷን አሰበች። ከዚያ ችሎቱን፣ የታሸገውን በር፣ ቃሬዛውን፣ የልጇን ደመወዝ አሰበች። 

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ» አለች።

የኔታ አኩፋዳቸውን ሰብስበው መልሰው ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«አሜን» አሉ። «ይስጥልን። የአብርሃምን ቤት የባረከ ቤትሽን ይባርከው።» በበትራቸው መሬቱን እየደባበሱ ወደሚቀጥለው ደጅ አዘገሙ፤ የስንታየሁ ሆቴል ነው።

ጌታነሽ ገብታ ባልዲውን ከተሾመች እጅ ተቀበለች። «እኔ እደፋዋለሁ» አለች። ጓሮ ወጣችና ትኩሱን ሽሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ሣፋውን አንሥታ፣ ማንም አንሥቶ እንዳይበላው፣ አመዱን በእኩል በእኩል ነሰነሰችበት።